በአደባባዩ ዳር የነበረው የቀርከሃ ቤት

ክልሉ ገና ሲቋቋም ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ ገባሁ፤ ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ ማውጣት ነበር። አደባባይ የተባለውን ሳይ ፍየል የሚውልበት ሜዳ ነው። «አደባባይስ ካሉት ይሄ ነው!» ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ዓይኔ ዙሪያውን ሲለምድ ግን ሳቁ ቀረ። በላይ በኩል በንጉሡ ዘመን የተሠራ ግቢ አለ፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ሰው እንዲፈራው የተሠራ ቤት። ፊት ለፊቱ ደርግ ያቆመው የብሎኬት መሥሪያ ቤት ነው፤ ጌጥ የሚባል አያውቅም፣ ዝናብ ግን አያስገባም። በሁለቱም ክፉ አልናገርም፤ የሠሯቸው እጆች ይባረኩ። የወደድኩት ግን የነጋዴዎቹን ሱቆች ነው። በረንዳቸው ከሱቁ ይሰፋል። ዝናብ ሲወርድ ከመንጌ የመጣ ገበያተኛም፣ አህያውም፣ እኔም እዚያው እንጠለላለን፤ «ወይ ግዛ ወይ ውጣ» የሚል የለም።

በሜዳው ጥግ ደግሞ አንድ ክብ የቀርከሃ ቤት ነበር፤ ባላቸው የሞቱባቸው የአንዲት የበርታ እናት ቤት። ግድግዳው እንደ ቅርጫት የተጠለፈ ነው። ውስጥ ገብቼ ጣሪያውን ሳይ አንገቴ እስኪደነዝዝ ቀና እንዳልኩ ቀረሁ። የተሰነጠቀው ቀርከሃ ከዳር ተነስቶ ጫፉ ላይ ሲገናኝ አንድ ሚስማር የለበትም። እንዲያ ያለ የሚያምር ነገር የሠራ ሰው ላይ ቀናሁ።

ነገሩ የከፋው አዲሱ ባለ ፎቅ የክልል ቢሮ ሲታሰብ ነው። የመግቢያው መንገድ በንድፉ ላይ በእኚያ እናት ቤት ላይ አለፈ። ከገበያው ማዶ ምትክ ቦታ ተሰጣቸው፤ ቤቱ እንደሚፈርስ እንድነግራቸው እኔ ተላክሁ።

«ቦታ ይሁን፣ ልጄ። መሬት የአላህ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ላይ አመለከቱ። «ይሄ ግን የኔ ሰውዬ ሠራ። እሱ ሞተ፣ ይሄ አልሞተም። ወላሂ፣ አይፈርስም።»

ጣሪያ አንዴ ከፈረሰ ያው ሣርና ቀርከሃ ነው፤ የሟቹን እጅ ከየት አምጥተው ይመልሱታል? አለቃዬን መንገዱን ትንሽ እናጥምመው ብዬ ለመንኩ። «ደግሞ ለሣር ጣሪያ ብሎ የሚጠምም መንገድ የት አየህ?» አለኝ። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ።

ለማፍረስ የተቆረጠው ቀን ዓርብ ነበር። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከመስጊድ የወጣው ወንድ ሁሉ ወደ እኚያ እናት ቤት ጎረፈ። ጠብ የመጣ መስሎኝ ተከተልኳቸው። እነሱ ግን ጀለቢያቸውን ሰብስበው ጣሪያው የታሰረበትን ልጥ ፈቱ፤ ረጃጅም ቀርከሃ ከሥሩ አጋደሙና ውስጥም ውጭም ሆነው «ቢስሚላህ!» ብለው ጣሪያውን እንዳለ ከግድግዳው ላይ አነሱት። ከገበያው ማዶ አዲሱን ግድግዳ ቀድመው ተክለው ኖሯል፤ እኛ ቢሮ ያወቀ አልነበረም። በአገሬ ደቦ አውቃለሁ፤ ለእርሻ ነው፣ ለአጨዳ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ለካ ጣሪያም ከሎሚ ይቆጠራል!

ጣሪያው ሜዳውን ተያያዘው። በንጉሡ ግቢ ፊት አለፈ፣ በደርጉ ብሎኬት ፊት አለፈ፤ የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ በመስኮት ብቅ ብቅ አለ። አለቃዬም ከመካከላቸው ነበር። ከደስታዬ የተነሳ እንባ እንባ አለኝ። ያን ቀን አደባባዩ ላይ ከዚያ ጣሪያ የሚበልጥ ሕንፃ አልነበረም።

እኚያን እናት ብፈልግ አጣኋቸው። ጎረቤት ሴቶችን ብጠይቅ እየሳቁ ወደ ጣሪያው ጠቆሙኝ። ሮጬ ደረስኩና ዝቅ ብዬ አየሁ። ከሣሩ ጠርዝ በታች የወንዶች እግር ይተራመሳል፤ መሃል ላይ የአንዲት ሴት ነጠላ ጫማ ቀስ እያለ ይራመዳል። ተሸካሚዎቹ እንዲያ የሚያዘግሙት ለእሳቸው ብለው ነበር።

«እማማ፣ ይውጡ! ይወድቅብዎታል!» ብዬ ጮህኩ።

«ለምን እወጣለሁ፣ ልጄ?» አሉኝ ከውስጥ። «እኔ ቤቴ ነኝ።»