ለእኔ ሲባል በአማርኛ

መቐለ ውስጥ፣ አንድ ሆስፒታል ግቢ፣ ዘጠኝ የፕላስቲክ ወንበር በክብ በተደረደረበት ክፍል ውስጥ አንድ ውሸት ዋሽቻለሁ። ከዚያ በፊት አልዋሸሁም ማለቴ አይደለም። ጠጪ ነበርኩና ውሸት የዕለት ሥራዬ ነበር። ለሚስቴ "ጥርሴን አሞኝ በአረቄ ተጉመጠመጥኩ" ያልኩ ሰው ነኝ፤ ያውም አንድ ወር ሙሉ። እነዚያን ሳስታውስ አንዳንዴ ያስቁኛል። ይሄኛው አያስቀኝም።

ወደዚያ ክፍል የሄድኩት ለመዳን ሳይሆን ለወረቀት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። አንድ ቀን ጠዋት ተማሪዎች ፊት እጄ ተንቀጥቅጦ ብልቃጥ ሰበርኩ፤ ስባሪውን ልታነሳልኝ ያጎነበሰች ተማሪ እጇን ቆረጣት። የክፍሉ ኃላፊ በሩን ዘግቶ "እንደ ወንድም ነው የምነግርህ" አለኝ። "የመጠጥ ሕክምናውን አሥራ ሁለቱንም ሳምንት ጨርስና ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጣልኝ። ካለዚያ እኔም ላድንህ አልችልም።"

ሕክምናው ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቡድኑን የምትመራው የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት፤ ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። ደንቡ አጭር ነው። እያንዳንዱ ሰው ሳይጠጣ የዋለበትን የቀን ብዛት ይናገራል፣ ከዚያ ልቡ ውስጥ ያለውን ያወራል፣ ማንም አያቋርጠውም፤ እዚያ የተሰማም እዚያው ይቀራል። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ትል ነበር ሲስተር፣ በትግርኛም በአማርኛም። የመጀመሪያው ቀን ወሬው ሁሉ በትግርኛ ነበር። ተራው ወደ እኔ ተቃረበ። ሲስተር ስሜን ከመዝገቡ አየችና በአማርኛ "ትግርኛ ትሰማለህ?" አለችኝ።

"ሰላምታ ብቻ" አልኳት።

እኔ የወሎ ልጅ ብሆንም መቐለ ከገባሁ አሥራ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ባለቤቴ የዚሁ ከተማ ልጅ ናት። ከአማቴ ጋር በትግርኛ እቀልዳለሁ፣ ከጎረቤት ጋር በትግርኛ እጣላለሁ። ግን የዚያን ቀን ስሌቴ ቀላል ነበር። አይሰማም ብለው ይተዉኛል፣ እኔም ጥግ ይዤ አሥራ ሁለት ሐሙስ እቀመጣለሁ፣ ወረቀቴን ይዤ እሄዳለሁ።

የረሳሁት ሰዎቹን ነው። የዚህን አገር ሰው ትሕትና ማን እንደ እኔ ያውቀዋል? በሠርግም በለቅሶም፣ አንድ የማይሰማ ሰው ካለ ወሬው ወደ አማርኛ እንደሚዞርለት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ከጎኔ የተቀመጠች፣ ስዋ፣ ማለትም ጠላ፣ ጠምቃ የምትሸጥና የጠመቀችውን ራሷ የምትጨርስ ሴት "እንግዳ አፉን ዘግቶ አይቀመጥም፤ በአማርኛ ይሁን" አለች። ሁሉም "ጸገም የለን" አሉ፤ ችግር የለም። ከጦርነቱ በኋላ ለአንዳንዶቹ በአማርኛ ማውራት ቀላል ነገር እንዳልነበረ ፊታቸው ላይ አየሁ። ቢሆንም አደረጉልኝ። "የለም፣ በትግርኛ ቀጥሉ፣ እሰማለሁ" ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። አመሰግናለሁ አልኩ።

ከሁሉም የተጎዱት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ኣቦይ እንላቸዋለን፤ አባቴ እንደማለት ነው። አርባ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። አማርኛቸው የመንገድ አማርኛ ነው፤ ስለ ጎማ፣ ስለ ፍሬን፣ ስለ ኬላ ሲያወሩ ማንም አይችላቸውም፤ እንባ እስኪወጣን ያስቁን ነበር። ግን የመጡት ስለ ጎማ ሊያወሩ አልነበረም። የመጡት ስለ ሴት ልጃቸው ነው። በየሳምንቱ "ልጄ..." ብለው ይጀምራሉ። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይሄዳሉ፤ ከዚያ ቃሉ ይጠፋቸዋል። እጃቸውን አየር ላይ ያንቀሳቅሳሉ፤ "እንዴት ነው የሚባለው" ይላሉ፤ ሲስተርን ያያሉ፤ እኔን ያያሉ። በመጨረሻ ይስቁና "የኔ አማርኛ እስከ ኮምቦልቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነዳጅ ይጨርሳል" ብለው ይቀመጣሉ። እኛም እንስቃለን። እኔም እስቅ ነበር።

አንድ ቀን ሲስተር "ኣቦይ፣ እስቲ ይህቺን በትግርኛ ይንገሩን" አለቻቸው። እሳቸው ወደ እኔ በአገጫቸው አመለከቱና "ነውር ነው፤ ልጁ ብቻውን ይቀራል" አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን መሬትም አልተከፈተች፣ እኔም አፌን አልከፈትኩም።

በሰባተኛው ሐሙስ ኣቦይ ቀሩ። በስምንተኛውም። ስዋ ሻጯ ሴት "ጀምረዋል አሉ" አለች። አርባ ምናምን ቀን ሳይጠጡ ቆይተው ነበር። ያን ቀን ቤት ገብቼ ሁሉንም ለሚስቴ ነገርኳት። ስጠጣ እንኳ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። "ኣይትሓፍርን ዲኻ?" አለችኝ። አታፍርም ወይ? አፍሬ ነበር፤ ማፈሬ ግን ለማንም ምንም አልጠቀመም።

በዘጠነኛው ሐሙስ፣ ኣቦይ አሁንም በሌሉበት፣ ተራዬ ሲደርስ፣ በትግርኛ ተናገርኩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሰማ እንደነበር፣ ለምን እንደዋሸሁም ነገርኳቸው። ማንም አልጮኸብኝም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ስዋ ሻጯ ብቻ እጆቿን እያየች በቀስታ "ወንድሜን እኮ በአማርኛ ነው ያለቀስኩት" አለች። "ለአንተ ብዬ።" ሲስተር "ኣቦይን የምታመጣቸው አንተ ነህ" አለችኝ። "ቅዳሜ ራስህ ሄደህ ትነግራቸዋለህ።"

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሄድኩ። ቤታቸው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ግቢያቸው ውስጥ፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ከጎናቸው የስዋ ጆግ አስቀምጠው አገኘኋቸው። ለመናገር ያዘጋጀሁትን ዓረፍተ ነገር መንገዱን ሙሉ ስደጋግመው ነበር። "ወደይ!" አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። ከልባቸው ነበር ደስ ያላቸው። ቀዱልኝ። አልጠጣም ስላቸው "ጎበዝ" አሉና የእኔንም ራሳቸው ጨለጡት።

"ኣቦይ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁት" አልኩ።

"ቆይ፣ እኔ አለኝ" አሉ በዚያ በመንገድ አማርኛቸው። "ለሰው ልነግር አቃተኝ። ለግድግዳ መንገር ደግሞ እብደት ነው። አንተ መሃል ነህ። ሰው ነህ፣ ግን አትሰማም። ለአንተ ልንገርህ።"

ቀልድ መሰለኝ። ከዚያ በትግርኛ ጀመሩ።

በመጀመሪያው ቃል ላይ ማቆም ነበረብኝ። ክንዳቸውን ይዤ "ኣቦይ፣ እሰማለሁ" ማለት ሁለት ቃል ነው። ግን ስድስት ሐሙስ ሙሉ ሲደናቀፉ ያየኋቸው ሰውዬ አሁን እንደ ውኃ ይፈሱ ነበር፤ ያለቅሱም ነበር። ካስቆምኳቸው ዳግመኛ የማይጀምሩት መሰለኝ። ይህን ሰበብ የምለው ዛሬ ነው፤ ያኔ ግን የፈራሁት ለራሴም ነበር። ስለ ልጃቸው የነገሩኝን እዚህ አልጽፈውም። ሳይፈቀድልኝ አንዴ ሰምቼዋለሁ፤ ይበቃል። የማፍርበትን ግን እጽፋለሁ። እንዳይነቁብኝ ብዬ፣ በማይሆን ቦታ ላይ ራሴን ነቀነቅኩ። የሚያስደነግጠው ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ ምንም እንዳልገባው ሰው፣ ፈገግ አልኩ።

ሲጨርሱ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። "ምንም አልገባህም አይደል?" አሉኝ።

"ምንም" አልኩ።

ተነሡና የቀረውን ስዋ ከግድግዳው ሥር ደፉት። "ሐሙስ እመጣለሁ" አሉ። "ከአንድ ብዬ እጀምራለሁ።" ወደ ቤቴ ስመለስ ጥሩ ነገር እንደሠራሁ ለራሴ ነገርኩት፤ ግማሽ መንገድ ድረስም አመንኩት። ሲስተር ደውላ "ነገርካቸው?" ስትለኝ "ይመጣሉ" ብቻ አልኳት። የነገርኳቸው መስሏት አመሰገነችኝ።

ሐሙስ ኣቦይ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ንጹሕ ኮት ለብሰው መጡ። "አምስት ቀን!" አሉ በአማርኛ፣ ለእኔ እንዲገባኝ ወደ እኔ እያዩ። ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ ሲስተር ወደ እኔ ዞረችና በትግርኛ "ንስኻኸ? ሎሚ እንታይ ክትነግረና ኢኻ?" አለችኝ።

ወደ ኣቦይ ዞር ብዬ አየሁ። ኣቦይ ያልገባኝ መሰላቸውና ጠጋ ብለው ክንዴን ነካ አደረጉኝ። "አንተስ፣ ዛሬ ምን ትነግረናለህ ነው የምትልህ" ብለው ተረጎሙልኝ።

ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። "ኣቦይ፣ ይሰማል እኮ" አለች ስዋ ሻጯ ግራ ተጋብታ። "ቅዳሜ አልነገረዎትም?"

እጃቸው ክንዴ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ፣ ከተዋወቅን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲገባኝ ብለው በትግርኛ አናገሩኝ። "ኩሉ ሰሚዕካዮ ዶ?" ሁሉን ሰማኸው?

"ኩሉ፣ ኣቦይ።"

እጃቸውን አነሱ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ተነሥተው ይሄዳሉ ብዬ ፈራሁ። ወደ ሲስተር ዞረው፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ በትግርኛ "የልጄን ነገር ዛሬ እነግራችኋለሁ" አሏት። "እሱ ግን ይውጣልኝ።"

ሲስተር አየችኝ። ተነሥቼ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ኮሪደሩ ላይ ሳለሁ ድምፃቸው ጀመረ፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ቃሉ መለየት ሲጀምርልኝ እግሬን አፈጠንኩና ምንም እስከማይሰማኝ ድረስ፣ እስከ ግቢው በር ሄጄ ፀሐይ ላይ ቆምኩ።