እርጥቡ ኮረኮንች

ቀብሪበያህ ላይ አስፋልቱን ለቀን የሀርሺንን ኮረኮንች ከያዝን ጀምሮ፣ ነዳጅ መስጫው እኔ ጋ ያለ ይመስል የመኪናውን ወለል እረግጥ ነበር። ዘመኑ የድርቅ ነው። ሀርሺን ላይ የማነጋግረው የወረዳ ኃላፊ እኩለ ቀን ላይ ይወጣል ተብያለሁ፤ ያለ እሱ ዘገባዬ ጎደሎ ነው።

«ወንድሜ፣ ወለሉን ከበሳኸው በእግርህ ነው የምትደርሰው» አለኝ ሹፌሩ፣ የጅጅጋ ልጅ።

አንድ ሽማግሌ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ መሃል መንገድ ቆሞ አገኘን።

«ውሃ ፈልጎ ነው?» አልኩ።

«ወሬ ነው የሚፈልገው። ሳንሰጠው ማለፍ ነውር ነው።»

ሰላምታው ረዘመ። ከኋላው ሚስቱ ቤታቸውን ያለበሱበትን ሰሌን እየፈታች፣ በተንበረከከ ግመል ላይ ትጭናለች። ፍየሎቹ የግመሉን ጥላ ይሻማሉ። ሹፌሩ ተረጎመልኝ፤ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙበት ብርካ ደርቋል። ፍየሎቹ የቀራቸው ጉልበት ለአንድ ጉዞ ብቻ ነው። ዝናብ ወዳለበት ከሄዱ ይተርፋሉ፤ ከተሳሳቱ መመለስ የለም።

«በመጣችሁበት ዘንቧል?»

«ዘንቧል እንጂ፣ አዴር!» አለው ሹፌሩ፤ አጎቴ ማለቱ ነው። ጎማው ላይ የተለጠፈውን ጭቃ አሳየው። ሽማግሌው ወደ ሚስቱ ተጣራ። እሷም ገመዱን ማጥበቅ ጀመረች።

የተባባሉትን ለመረዳት ያህል ሶማሊኛ እሰማለሁ። «ዝናቡን አይተሃል?» አልኩት ሹፌሩን።

«ጭቃውን አይቻለሁ። አንተም አይተሃል።»

«እኔ ያየሁት እርጥብ መንገድ ነው።»

«ታዲያ ውሃው ከየት መጣ፣ ከዱባይ?»

«ተመልሰን እንይ።»

«ኃላፊህስ?»

የኋላውን በር ከፈትኩ። ሽማግሌው ከኋላ ገባ። ሚስቱ የሆነ ነገር ስትጮህ ሹፌሩ ሳቀ። «መኪና አገኘሁ ብለህ ጅጅጋ ገብተህ ሌላ እንዳታገባ እያለችው ነው።»

እርጥቡ ቦታ ስንደርስ ቅድም ያልነበሩ ሁለት ማሽኖች አየን፤ መንገድ የሚያስተካክል ግሬደርና ከፊቱ ውሃ የሚረጭ ቦቴ። ቅድም ስናልፍ ነጂዎቹ ይዘዋቸው ለቁርስ ዞር ብለው ኖሯል። እርጥበቱ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቁጥቋጦ አቧራውን እንደለበሰ ነው። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፋ። ሽማግሌው ወርዶ፣ ውሃው ጠጠር ላይ ሲፈስ ያይ ጀመር።

ሹፌራችን ነገሩን ለቦቴው ነጂ ነገረው።

«መንገድ አጠጣ ነው የተባልኩት፣ ፍየል አልተባልኩም።»

«መንገድ ይጠማዋል እንዴ?»

«ካልጠጣማ አይጠቀጠቅም!» ከዚያ ሽማግሌውን አየው። «ቤቱ የት ነው?»

ወደ ፊት አሳዩት።

«ሥራውም ወደዚያው ነው። እዚያ ስደርስ ቧንቧው ትንሽ ቢያፈስ ማን ያውቃል?» ወደ እኔ ዞረ። «ይሄ ማነው?»

«ጋዜጠኛ።»

«ወይ ጉዴ! እንዳትጽፈኝ!»

ውሃው ከየት እንደሆነ ጠየቅሁት። ከጉድጓድ ነው፣ እሱም ይጠጣዋል። ተከትሎን መጣ። ከመንገዱ ዳር ያለችው ጉድባ ስትሞላ ፍየሎቹ ተጋፍተው ገቡባት። ሴትየዋ ከባሏ ወሬውን ሰማች፤ ከግመሉ ላይ ሰሌኑን አወረደች።

ሀርሺን ስደርስ ኃላፊው ሄዷል። ያገኘሁትን ሁሉ ስለ ዝናብ ጠየቅሁ። አንዱ ዘንቧል ይላል፣ ሌላው ሰማሁ ይላል። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ግን ከምሥራቅ በኩል ዝናብ ውስጥ አልፎ እንደመጣ ነገረኝ። የጭነቱን ሸራ ነካሁ። ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።

በማግስቱ ይህን ወሬ ይዘን ተመለስን። ጉድባዋ ደርቃለች፣ ቤቱ የለም። ምድሩ ላይ የቀረው የቤቱ ክብ ብቻ ነው፤ ግሬደሩ አልፎበት መንገዱ ላይ ወዴት እንደሄዱ የሚያሳይ ዱካ አይታይም።

ሹፌሩ አንድ ኩይሳ ላይ ወጥቶ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።

«ግመል ይታይሃል?»

«ግመልማ ሞልቷል። የቱን ልጥራልህ?»

ወርዶ ሞተሩን አስነሳ። እኔ ግን ወደ ምሥራቅ እያየሁ፣ ገና መኪናው ውስጥ አልገባሁም ነበር።