የእትዬ ተዋበች ስልክ እምቢ ሲል

ኢስራ ጁነይዲ ተወልዳ ያደገችው ወገዳ ነው። አባቷ በገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣሉ። ደብረ ታቦር ኮምፒውተር ተምራ ስትመለስ ከሱቃቸው ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል ለይተው ሰጧት፤ እዚያ ሆና ስልክ ትጠግናለች። የተሰበረ ስክሪን ትቀይራለች፣ ቻርጅ አልይዝ ያለውን ታስይዛለች። እጇ ፈጣን ነው፤ አፏ ደግሞ ከእጇም ይፈጥናል።

ሥራዋ ከሰው ጋር ስለሚያውላት ብዙ ትሰማለች። ከገበያ ማግስት የሚመጣው ወሬ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የእገሌ በሬ ጠፋ፣ የእገሊት በግ ከሰው መንጋ ተቀላቅላ ሄደች። ባለቤቱ ገበያ መሃል ቆሞ መልኩን እየጠራ ይለፍፋል፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያስነግራል፣ ከዚያ ቆላ ደጋ ይንከራተታል። ኢስራ ይህን ስትሰማ ኖራ አንድ ክረምት ቁጭ ብላ አፕ ሠራች፤ ስሙን «አፋልጉኝ» አለችው። ከብት የጠፋበት ሰው ፎቶ ካለው ያስገባል፣ መልኩንና ምልክቱን በድምፁ ይናገራል። ያየም ሰው በድምፅ ይመልስለታል። ፊደል ያልቆጠረም ይገለገልበታል።

አፑን መሥራቱ ቀላሉ ነበር። ሰው አፕ ወደሚያወርድበት ትልቁ መደብር ለማስገባት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ተጠየቀች፤ እንዲህ ያለ ካርድ ወገዳም ደብረ ታቦርም አልተገኘላትም። ስለዚህ ከስልክ ወደ ስልክ በእጇ ታድለው ጀመር። ታዲያ ሲጫን ስልኩ «ይህ አፕ ሊጎዳዎት ይችላል» ብሎ ያስጠነቅቃል። ባለስልኮቹ ይደነግጣሉ፤ ኢስራ ግን የሠራችው እሷ ራሷ መሆኗን፣ ከጎዳቸውም ቤቷን እንደሚያውቁት ትነግራቸዋለች፤ ይስቁና ይጭናሉ። እንዲህ እያለች ብዙ ተጠቃሚ አፈራች።

አንድ ቀን እትዬ ተዋበች መጡ። እህል ነጋዴ ናቸው፤ ባሕር ዳር ያለው ልጃቸው ውድ ስልክ ገዝቶላቸው በነጭ መሐረብ ጠቅልለው ነው የሚይዙት። አፋልጉኝን ጫኚልኝ አሏት። ሞከረች፤ እምቢ አለ። የእሳቸው ስልክ እንደሌሎቹ አስጠንቅቆ የሚያሳልፍ አይደለም፤ ከራሱ ኩባንያ መደብር ካልመጣ ጭራሽ አይቀበልም። ለእሱ የሚሆን አፕ ለመሥራትም የዚያው ኩባንያ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። እትዬ ተዋበች ከፋቸው። የጎረቤት ተራ ስልክ የቻለው ነገር የእሳቸውን ውዱን እንዴት አቃተው?

«አቅቶት አይደለም እትዬ» አለች ኢስራ። «ቤቱ የእርስዎ ነው፤ የበሩ ቁልፍ ግን ያለው ኩባንያው እጅ ነው።»

ስልኩን ገልብጠው አዩት። «ታዲያ እኔ ተከራይ ነኛ» አሉ።

ኢስራ ያን ጊዜ ሳቀች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ነገሩ ከነከናት። ከብት የሚጠፋው ስልክ እየመረጠ አይደለም። ይህን እያሰበች ሳለ በአንዱ የገበያ ቀን የራሳቸው የእትዬ ተዋበች አህያ ጠፋ። ዳለቻ፣ ግራ ጆሮው የተሸረከተ፣ ጉልበታም አህያ ነው። ጭነቱ ሲወርድለት ገመዱን በጥሶ ሄደ። ኢስራ የእሳቸውን ድምፅ በራሷ ስልክ ቀድታ አፋልጉኝ ላይ አወጣችላቸው። እሳቸው ግን መልስ መጣ ወይ እያሉ ከእህል በረንዳቸው እሷ ሱቅ ይመላለሱ ጀመር፤ የራሳቸውንም የእሷንም ሥራ አስፈቱ።

ኢስራ የቸገራትን ትታ ያላትን አየች። ስልክ የቱንም ያህል ዝግ ቢሆን ድረ ገጽ ይከፍታል። ስለዚህ አፋልጉኝን ወደ ድረ ገጽ ትቀይረው ጀመር፤ መብራት ሲጠፋ እያቆመች፣ ሲመጣ እየቀጠለች ጨረሰችው። የጎደለው ነገር አለ፤ መልስ ሲመጣ ስልኩ አይጮህም፣ ሰው ራሱ እየከፈተ ማየት አለበት። ቢሆንም የሚጫን የለም፣ የሚያስፈራራ ጽሑፍም የለም። በእትዬ ተዋበች ስልክ ስትሞክረው ወለል ብሎ ተከፈተ።

«ኩባንያው ፈቀደ?» አሉ።

«አልጠየቅነውም» አለች።

ከዚያ በኋላ እህል እየሰፈሩም ዓይናቸው ስልኩ ላይ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ በእስቴ በኩል ካለ ቀበሌ ይታየው የሚባል ገበሬ ድምፅ መጣ። አህያው በገበያው ቀን የእሱን እንስት አህያ ተከትሎ ወንዝ ተሻግሮ እሱ ቤት ገብቷል። ጤናው ደህና ነው፤ ብቻ ገለባውን እየጨረሰበት ነው። «እናቴ» አለ በመጨረሻ፣ «ቢወስዱትም ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።»

እትዬ ተዋበች ድምፁን ደጋግመው ሰሙት፤ መንገደኛም እያቆሙ አሰሙት። በሚቀጥለው ገበያ ይታየው አህያውን ነድቶ ሲመጣ ምሳ ጋብዘው፣ ምስር አስይዘው ሸኙት። ከዚያ ወዲህ ለአፋልጉኝ እንደሳቸው ያለ ለፋፊ አልተገኘም፤ እህል ሊገዛ የመጣውን ሁሉ ስልክህን አምጣ እያሉ ገጹን ያስከፍቱታል። ወሬው ንፋስ መውጫ ደርሶ ከዚያም ፍየል የጠፋባቸው ሰዎች መግባት ጀመሩ።

አሁን ኢስራ የሚገባውን ማስታወቂያ እያየች ከከብት ውጪ የሆነውን ትሰርዛለች። ዘንድሮ በሰርግ ሰሞን ዘመኑ የሚባል ላጤ ገበሬ ከበሬዎቹ ጋር የተነሳውን ፎቶ አስገባ። «መልኬ ጠይም ነው፤ ምልክቴ ሳቂታ ነኝ፤ ያገኘችኝ አትመልሰኝ» ይላል ድምፁ። አባቷ ጁነይዲ ከጨርቃቸው መሃል ሆነው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ምን አለ ለአንድ ገበያ ብትተዪው ሲሉም ለመኗት። ኢስራ ገጹ የከብት ነው ብላ ሙግት ገጠመች። የሰረዘችው ግን መልስ ከመጣለት በኋላ ነው።