በሀራሙስ ቀትር የጮኸችው ወፍ

ባለፈው ሳምንት ከክፍላችን ልጆች ጋር ከከተማ ወጣ ብሎ ያለውን የዱር እንስሳት መጠለያ ጎበኘን። አስጎብኚው ስለ ሕጉ ይነግረናል፤ የዱር እንስሳን ቤት ማሳደግም፣ መሸጥም፣ ወደ ውጭ መላክም ክልክል ነው፤ ከሰው ቤት የተገኙት ማደን ስለማያውቁ እዚሁ ይኖራሉ። መሃል ላይ ወፍ ጮኸች። ልጆቹ በሙሉ ወደ ግራሩ አንጋጠጡ። እኔ አላንጋጠጥኩም።

ያንን ድምፅ መጀመሪያ ስሰማ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። በስደት በምንኖርበት ከተማ እማዬ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ አንዲት ማዳም ቤት እያደረች ትሠራለች፤ እኔ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር አክስቴ ጋ እኖራለሁ። ትምህርት ሲዘጋ ማዳም ሙቀቱን ሸሽታ ፈረንሳይ ሄደች፤ እማዬም እኔን አስመጣችኝ። ባሕሩ ቅርብ፣ ግቢው ሰፊ፣ እናቴ ለብቻዬ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ግን ቀትር ነበረ። ቀትር ላይ የቀኑ ጫት ከተማ ይገባል፣ ሰው ለመቃም ቤቱ ይከተታል፣ የብረት በሮቹ ይዘጋሉ፣ መንገድ ላይ ካምሲን ብቻ ይቀራል። ያ የጋለ ነፋስ አሸዋውን በየግንቡ ሥር ሲነዳው ሰው እግሩን እየጎተተ የሚያልፍ ይመስላል። እንዲህ ባለ ሰዓት ነው ወፏን የሰማኋት። ከውጭ አይደለም፤ ሁልጊዜ ከሚቆለፈው ከኋላ ጓዳ ነው።

«እማ፣ ጓዳ ውስጥ ወፍ አለ እንዴ?»

«ነፋስ ነው። ብዪ።»

ይህን ስትል የዶሮ ሥጋ ከአጥንቱ እየለየች ነበር። እኛ ደግሞ የምንበላው ሩዝ በዓሣ ነው።

በማግስቱ እማዬ ጋደም ስትል ባዶ እግሬን ወደ ጓዳው ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ ወፏ ዝም አለች። ከውስጥ አንድ ነገር ወለሉ ላይ እየተጎተተ ወደ እኔ መጣ። ከበሩ ሥር ሞቅ ያለ ትንፋሽ ጣቶቼን ነካኝ። ከዚያ እዚያው፣ እግሬ ሥር፣ ወፏ ጮኸች።

ወደ ኋላ ዘለልኩ። ዞር ስል እማዬ ሳህን ይዛ ቆማለች። ቁልፉን አውጥታ በሩን ከፈተችው።

ከዓይኖቿ እስከ አፏ ኩል የፈሰሰ የሚመስል መስመር ያላት ግልገል ነበረች። የፊት እግሮቿ ጎብጠዋል፤ በመዳፏ ሳይሆን በአንጓዋ ነው የምትሄደው። ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል አፏን ከፈተች፤ የወፍ ድምፅ ወጣ።

«ሚኑ ትባላለች። ድመት ናት» አለች እማዬ።

«እማ፣ ይህቺ አቦሸማኔ ናት። ትምህርት ቤት ሥዕሏን አይተናል። ክልክል ነው፤ የሚረከቡ የመጠለያ ሰዎች አሉ።»

«አቦ ተይኝ ሀያት። ማዳም ድመት ናት ካለችኝ ድመት ናት።»

ዘበኛው አብዲ ጉንጩን በጫት ወጥሮ በመስኮቱ ያዳምጥ ነበር። «እህቴ፣ ልጅቷን አትስሚ። መጠቆምሽን ማዳም ብታውቅ መጀመሪያ የምትባረሪው አንቺ ነሽ። የመኖሪያ ወረቀትሽም በእሷ እጅ ነው።» ቀጠለና «ሙቀቱ ሲበረታ ራሳቸው ዝም ይላሉ» አለ።

«እነማን?» አልኩት። ወደ በሩ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ በየቀትሩ አዳምጥ ነበር። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። አንድ ቀን ጭራሽ ቀረ። ሚኑ ሳህኑ አጠገብ ተጋድማ ትተነፍሳለች እንጂ አትነሳም። እማዬ ጎኗ ተቀመጠችና ጆሮዋን ስታሻሽ ቆየች። ከዚያ ስልኳን አቀበለችኝ። «ፈረንሳይኛው ያንቺ ነው። ደውዪላቸው።»

ከመጠለያው ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው የምትበላውን ጠየቀ።

«ጥሩ ሥጋ» አለች እማዬ። «እንዳያንቃት አጥንቱን አንድ በአንድ እየለቀምኩ። ለልጄ እንደማደርገው።»

ሰውየው እግሮቿን ዳሰሰ። «አጥንት ስላጣች ነው የጎበጠችው» አለ ቀስ ብሎ። ተረጎምኩላት። እማዬ እጆቿን አየቻቸው።

ሚኑን በሣጥን አድርገው ወደ መንገድ ሲያወጧት ነፋሱ ድንገት ረጋ። ከሣጥኑ ውስጥ አንዴ ጮኸች፣ በቀጭን ድምፅ።

ከማዶ፣ ከአንዱ ግንብ ጀርባ፣ ሌላ ወፍ መለሰችላት።

ሁላችንም ቆምን። ሰዎቹ አንዱን በር አንኳኩ፣ ቀጥሎ ያለውን አንኳኩ። የከፈተ የለም። ከግንቡ ጀርባ ያለችውም ዳግም አልጮኸችም።

እማዬ ማዳም በመጣች በሳምንቱ ተባረረች፤ ዛሬ ካርቲየ 6 ከአክስቴ ጋር ሳምቡሳ ትሸጣለች። ባለፈው ሳምንት ሚኑን እንዳየኋት ነገርኳት፤ ማደጓን፣ ጉብጠቷ እንዳለ መሆኑን፣ ግራሩ ጥላ ሥር መተኛቷን። ሊጡን እየዳመጠች ሰማችኝ።

«ያቺኛዋስ?» አለች።

ሕጉን አሁን በሚገባ አውቀዋለሁ፤ ለክፍል ጽፌዋለሁ፣ መምህራችንም ወዶታል። ግን ሕግ የተዘጋ በር ጋ ሲደርስ ከፋች ይፈልጋል። ሀራሙስን በቀትር ካለፍኩ ዛሬም እቆማለሁ። ወፍ ስትጮኽ በመጀመሪያ ዛፍ መኖሩን አያለሁ።