የደጃዝማቹ የእጅ ውሃ

ልጅ ሳለሁ ፍም የምለው የኤሌክትሪክ ምድጃችን ሲግል የሚቀላውን ክብ ብረት ነበር። በሰው አገር፣ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር የነበረው አፓርታማችን ብርድ በገባ ቁጥር ማሞቂያው ይጠፋል፣ የሕንፃው ባለቤት ስልክ አያነሳም፣ እናቴ ወደምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ለማታ ፈረቃ ትሄዳለች፤ እኔና የእናቴ አባት፣ አባባ በላይነህ፣ ምድጃውን ለኩሰን ኩሽና ውስጥ ወንበር ገጥመን እንቀመጣለን። እንደዚህ ባለ ሀብታም ከተማ ሰው በማብሰያ ምድጃ ይሞቃል? ያኔም ያናድደኝ ነበር፣ አሁንም ያናድደኛል። አባባ አምፖሉን ያጠፉታል፤ ተረት በአምፖል አያምርም ይሉ ነበር። በቀዩ ብርሃን ግማሽ ፊታቸው ብቻ ይታየኛል። የደረቀ ዳቦ ብረቱ ላይ ሲያሞቁ ጭሱ ጣሪያው ላይ ያለውን የጭስ ማንቂያ ያስጮኸዋል፣ እሳቸውም በፎጣ እያራገቡ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ።

የሚነግሩኝ ስለ አንድ ደጃዝማች ቤት ነበር። አባባ ወጣትነታቸውን የጨረሱት እዚያ ነው። አዳራሹ ውስጥ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ ጠጁ ለማን በብርሌ ለማን በዋንጫ እንደሚቀርብ፣ የደጃዝማቹ በቅሎ ስም ሳይቀር ቦራ እንደነበር አውቃለሁ። በጌታ ፊት የሚያገለግል ሰው ነጠላውን ወገቡ ላይ እንደሚያደገድግም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጌታ አያደገድግም።

ከሁሉ የምወደው የእጅ ውሃውን ወሬ ነበር። ደጃዝማቹ ከታጠቡ በኋላ የጣታቸውን ውሃ አስታጣቢው ፊት ላይ ያራግፉታል፣ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል፤ አስታጣቢው ግን በአንድ እጁ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ሳፋ ይዟልና ፊቱን አይጠርግም፣ እጁ ባዶ ቢሆንም አይፈቀድለትም። አባባ ጣታቸውን በአየር ላይ ያራግፉና ከዚያ ደረቅ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረግ ያደርጋሉ። እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

«አባባ፣ ይድገሙልኝ! ዋን ሞር!» እላለሁ። ይደግሙልኛል።

እሳቸው የት ይቀመጡ እንደነበር ነግረውኝ አያውቁም። እኔ ግን ከደጃዝማቹ ቀኝ አስቀምጫቸው ነበር። እናቴ ተረቱን ስትሰማ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ትወጣለች። ለእኔ ግን ያ ቤት ርስቴ ነበር፤ በረሮ ከሚርመሰመስበት ኩሽና ውጪ ያለኝ ሀብት እሱ ብቻ ነው።

አራተኛ ክፍል ሳለን አስተማሪያችን ስለ ቱዶር ዘመን፣ ማለት ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የእንግሊዝ ባለጸጎች እንዴት ይኖሩ እንደነበር ታስተምረን ጀመር። ስለ አዳራሹ፣ ስለ ጌታውና ስለ አሽከሮቹ ስትናገር እጄን አወጣሁና አያቴ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ጌታ ነበር አልኩ። ኮነር የሚባል፣ አባቱ ሰፈራችን ውስጥ አሮጌ ቤት ገዝቶ ያሳደሰ ልጅ፣ «ሎርድ ከሆነ ለምን በረሮ ያለበት ሕንፃ ውስጥ ትኖራላችሁ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። የዚያን ዘመን የሚመስል ቤት ልንጎበኝ ነበርና፣ እኔም አባባን ለጉብኝቱ ቀን ልጆች የሚጠብቁ ቮለንቲር ሆነው እንዲመጡ ለመንኳቸው። ምስክር ፈልጌ ነበር።

የሄድንበት ቤት አንድ ሀብታም የእንግሊዝን የድሮ ዘመን ናፍቆ ያሠራው ነው፤ ግድግዳው በጥቁር እንጨት የተዋቀረ፣ አዳራሹ ረጅም። እውነተኛ የእንጨት ፍም ያየሁት ያኔ ነው። አስተማሪያችን የምንጫወተውን ሚና አደለችን። ኮነርን የጌታውን ከፋይ ካባ አለበሰችው። ከአፓርታማዎቹ የመጣነው ሁላችን ሽርጥ ደረሰን። ተንዚን የሚባለው የሕንፃችን ልጅ ሥጋ የሚጠበስበትን ዘንግ ሊያዞር፣ እኔ የእጅ ውሃ ላስታጥብ። ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም ይሉኝ ይሆናል። እኔን የሚያበግነኝ እሱው ነው፤ ሳያስቡ እንኳ የትኛው ልጅ የት እንደሚቆም ማወቃቸው!

«አይ ዎንት! አላደርገውም!» ብዬ ማንቆርቆሪያውንና ሳፋውን ይዤ ቆምኩ።

«ጨዋታ እኮ ነው» አለች አስተማሪዋ በእንግሊዝኛ።

ኮነር እጆቹን ዘርግቶ «ሀሪ አፕ፣ ሰርቫንት!» ብሎ እንደ አሽከር አጣደፈኝ።

ያን ጊዜ አባባ ከግድግዳው ጥግ ካለው አግዳሚ ተነሡ። ከደጃዝማቹ ቀኝ የተቀመጡት ሰውዬ ይህን ባለጌ ሊገሥጹልኝ ነው አልኩ በልቤ። አባባ ስካርፋቸውን ከአንገታቸው ፈቱ፤ ወገባቸው ላይ አዞሩና አደገደጉ። ማንቆርቆሪያውንና ሳፋውን ከእጄ ወሰዱ። ጎንበስ ብለው፣ አንዲት ጠብታ ሳያፈሱ፣ የልጅ ልጃቸው እኩያ የሆነውን ልጅ አስታጠቡት። እንደኛ ደንብ ልጅ ሽማግሌን ያስታጥባል እንጂ ሽማግሌ ልጅን አያስታጥብም። ኮነር ሲጨርስ ጣቶቹን ፊታቸው ላይ አራገፈ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባባ ዓይናቸውን ከደን አድርገው ከፈቱ፤ ውሃው ከቅንድባቸው ላይ ወደ ጉንጫቸው ወረደ። ማንቆርቆሪያውንና ሳፋውን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ። ፊታቸውን አልጠረጉም። አስተማሪዋ ድንቅ ነው ብላ አጨበጨበች፣ ኮነርም ወደ እኔ ዞሮ «ሎርድ ነው አላልሽም?» አለ።

ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስንሄድ ከፊት ከፊታቸው እራመድ ነበር።

«አሽከር ነበሩ» አልኳቸው ዞሬ ሳላያቸው።

«አሳላፊ ነበርኩ። መጠጥ ማቅረብ፣ እንግዳ ማስታጠብ።»

«ለምን ታዲያ አልነገሩኝም? ኤቭሪዋን ሳቀብኝ! ደግሞ ለምን ለኮነር? ለምን?»

አባባ ቆሙ። «ማንቆርቆሪያው እጅሽ ላይ ነበራ!» አሉኝ። «ከአንድ ቤት አንድ ያደገደገ ይበቃል።»

ያኔ ምንም አልገባኝም፤ ተናድጄ ነበር። ማታ ምድጃውን ሲለኩሱ እኔ አምፖሉን አበራሁት፤ የደጃዝማቹ ወሬ በዚያው ቀረ።

አባባ ካረፉ ቆይተዋል። አሁን ስካርቦሮ የሚባል ሌላ ሰፈር ነው የምኖረው፣ ማሞቂያው አይጠፋም። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ስለ ይቅርታ ሲሰበክ ኮነር ትዝ ይለኛል፣ ልጅ ነበር ብዬ እተወዋለሁ። አስተማሪዋን ለመተው እየሞከርኩ ነው። ደጃዝማቹን ግን አልቻልኩም። ሰውዬው አፈር ከሆነ ስንት ዘመኑ፣ እኔ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ጥርሴን ነክሼ እሱን እሰድባለሁ። የበቅሎውን ስም ሳይቀር በቃሌ ይዣለሁ፤ በዚያ ሁሉ ተረት ውስጥ ግን የአስታጣቢው ስም አንድ ቀንም አልተነሣም።

በላይነህ ነበር ስሙ። አዳራሹ ውስጥ ያልተፈቀደለትን እኛ ኩሽና ውስጥ፣ በዚያ ቀይ ብረት ብርሃን፣ ማታ ማታ ያደርገው ነበር። ፊቱን ይጠርግ ነበር። እኔም እየሳቅሁ ይድገሙልኝ እል ነበር።