በጠፍር የታሰረው ኪታብ፦ ከደሴ እስከ ሐርቡ

ጣሊያን ደሴ በገባ በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ሐርቡ ያሉት አጎቴ ሸህ ሙሔ ታመው አልጋ መያዛቸውን ሰማሁ። የላኩብኝ ቃል አጭር ነበር፤ «የአባቴን ኪታብ ይዘህ ና፤ የመጨረሻዋን መንዙማ አንብብልኝ፤ ከልቤ ጠፍታብኛለች።» ኪታቡን አያቴ በእጃቸው ነው የጻፉት፤ ሌላ ቅጂ የለውም። እኔ ዘንድ ከተቀመጠ ዐሥር ዓመት ሆኖታል።

በበቅሎ ሁለት ቀን ይፈጃል። የምሠራለት የመናዊ የቆዳ ነጋዴ ግን አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን የገዛት ሞተር ብስክሌት ነበረችው፤ የምነዳትም እኔ ነበርኩ። ወስጄ እንድሄድ ፈቀደልኝ። የጎደላት የዕቃ መጫኛ ብቻ ነው፤ የጣሊያኖቹን ስም እያጣመምን ፖርቶመጋላ የምንለው።

ሐሙስ፣ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር

ቀጥቃጩ አያ ይመር ከተሰበረ የመኪና ብረት ጥሩ መጫኛ ሠሩልኝ። ዋጋው አንድ ጠገራ ብር ነው። ከኋላ ጎማው በላይ ሲያስቀምጡት ልክክ አለ። ችግሩ ቀዳዳው አራት፣ ብሎኑ ሁለት መሆኑ ነበር። ሁለቱን ከፊት አጠበቋቸው።

«የኋላዎቹን ጋራዥ የሚሠራ ወዳጄ ቅዳሜ ያመጣልኛል» አሉ።

«እስከ ቅዳሜ አልቆይም፣ አያ ይመር። በጠፍር ጠፍረው ይስጡኝ።»

«ይህ ሞፈር አይደለም፣ ሲንቀጠቀጥ የሚውል ነገር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

ሳቅሁባቸው። ወሎ ውስጥ ጠፍር የማያምን ማን አለ? አልጋችን በጠፍር፣ ቀንበራችን በጠፍር። እርጥቡን ቆዳ ወጥረህ ታስራለህ፣ ሲደርቅ ጨብጦ ይይዛል፣ ከዚያ ወዲያ በቢላዋ ካልሆነ አይለቅም። አያ ይመር ሳይወዱ አሰሩልኝ። ከፍሙ አጠገብ አቁመን አደረቅነው፤ ብነቀንቀው ንቅንቅ አላለም።

«በል ለአጎትህ የገዛኸውን ስኳር ጫንበት» አሉኝ። «ኪታቡን ግን በብብትህ ያዘው።»

«ኢንሻአላህ» አልኳቸው።

ዓርብ ጠዋት፣ ሐረጎ

ኪታቡን ከነቆዳ ማኅደሩ በአቡጀዲ ጠቅልዬ ብብቴ ውስጥ አስገብቼው ነበር። እውነቱን ልናገርና መልሼ ያወጣሁት እኔው ነኝ። አዲሱ ካፖርቴ ሆዱ ላይ ሲነፋ ደስ አላለኝም። ደግሞም ያን የመሰለ መጫኛ አሠርቼ ዕቃ በብብቴ ይዤ ብሄድ ሰው ምን ይለኛል አልኩ። ከስኳሩ ከረጢት በላይ አድርጌ በገመድ አሰርኩት።

ጣሊያኖች ያስፋፉት መንገድ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም ዋጠኝ፤ ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ሞተሯ ስለምትጮህ ከኋላዬ የሚሆነውን አልሰማም። ኮምቦልቻ ኬላ ስደርስ ዘበኛው «ጅራትህ ወርዷል» ብሎ ሲስቅ ዞር አልኩ። መጫኛው ከኋላ ዘምሞ ጎማውን ሊነካ ደርሷል። ጠፍሩ እንደ አንጀት ለስልሶ ተንጠልጥሏል። ደረቅ ጠፍር ውኃ ሲጠጣ እንደሚላላ አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቅ ነበር። ስኳሩም ኪታቡም ከገመዱ ሾልከው ወድቀዋል።

ሽቅብ ተመለስኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ጎመን ይዛ ወደ ገበያ የምትወርድ ባለ ማተብ ባላገር እጇን አነሳችልኝ። እሷ ዝናቡ እየወረደባት ገሳዋን ኪታቡ ላይ ደፍታበታለች።

«ያንተ ነው ወንድሜ? ቦይ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት። የሃይማኖት ነገር መሰለኝና መሬት ላይ መተው ፈራሁ።»

ኪታቡን ተቀብዬ በገሳዋ ሥር ከአቡጀዲው ፈታሁት። አያቴ ቀለሙን የሚያዘጋጁት ከጥላሸትና ከሙጫ ነበር። ከፊት ያለው ደብዝዞም ቢሆን ይነበባል፤ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ግን ጥቁር ውኃ ሆነዋል። መንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ጎመኗን አስቀምጣ እስክነሳ ድረስ አጠገቤ ቆመች።

ሐርቡ

መጫኛውን ኬላው ላይ ትቼ፣ ኪታቡን በብብቴ ይዤ ከቀትር በኋላ ሐርቡ ገባሁ። ሐርቡ ዝናብ አልነበረም፤ ሙቀቱ ካፖርቴን አስወለቀኝ። አጎቴ ከስተው አልጋው ላይ የሉም ያሰኛሉ፤ ሲያዩኝ ግን ፊታቸው በራ።

«መርሀባ ልጄ። አመጣኸው?»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የካፖርቱንም ነገር አልደበቅሁም። ቅጠሎቹን በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩ።

«አብሽር» አሉኝ። «አንተ ዘንድ ዐሥር ዓመት ቆይቷል አይደል? በቃልህ በልልኝ።»

የመንዙማ አዝማች ለሁሉም ነው፤ ሕፃን ሽማግሌው ይቀበለዋል። ግጥሙን የሚያውቅ ግን የተማረው ብቻ ነው። እኔ የማውቀው አዝማቹን ነበር። እሱን አልኩ። አጎቴ ዐይናቸውን ጨፍነው ተቀበሉኝና ግጥሙን ጠበቁ። አዝማቹን ደገምኩት። አሁንም ተቀብለው ጠበቁ። ሦስተኛ ጊዜ ስደግመው ገባቸው መሰለኝ፣ እጄን ያዝ አድርገው «ይበቃል፣ መንገዱ አድክሞሃል» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ደሴ

በማግሥቱ ተሰናብቼ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገባሁ። በሳምንቱ አጎቴ አረፉ። ሊያጽናናኝ ለሚመጣው ሁሉ ስለ ሐረጎ ዝናብና ስለ ጠፍሩ አወራሁ፤ ሰውም «የአላህ ሥራ ነው» እያለኝ ሄደ። ከሐርቡ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩትን ግን ለማንም አልነገርኩም። በየረመዷኑ ኪታቡን ከሳጥን አውጥቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ሳም አድርጌ መልሼ አስቀምጠው ነበር። ከዐሥሩ ዓመት በአንዱ እንኳ ገልጬ አጥንቼው ቢሆን፣ አጎቴ ዐይናቸውን ጨፍነው አይጠብቁኝም ነበር።