አኮ በጆሮዋ ያከመቻቸው ጫጩቶች

ልጅ እያለሁ፣ ማለት አፌ እንዲህ ጥርስ አልባ ሳይሆን፣ ቤታችን ከከሚሴ ወረድ ብሎ ጨፋ ሜዳ ዳር ነበር። የሜዳው ሣር ጧት በጤዛ ርሶ ሲሸት፣ አቤት! ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እናንተ እኩዮቼ ታስታውሱታላችሁ፤ እኛ ሴቶቹ ጠጠር ሰብስበን ቅልብልቦሽ እየተጫወትን ጫጩት እንጠብቃለን። ጭልፊት ሲመጣ መጮህ ነው ሥራችን። እኔማ ሳይመጣም እጮህ ነበር፤ ጎረቤት ተደናግጦ ሲወጣ ሳይ ደስ ስለሚለኝ።

አኮ፣ የእናቴ እናት፣ ከኛ ጋር ነበረች። ሁለቱም ዓይኖቿ ጠፍተዋል። ታዲያ ከሷ ተደብቆ ስኳር የላሰ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እኔ ጓዳ ገብቼ ትንፋሼን ውጬ ስልስ፣ እሷ ከደጅ ሆና «አንቺ፣ ምላስሽን ቀስ አርጊው፤ ሊነቀል ነው!» ትለኛለች።

አንድ ዓመት ቀይዋ ዶሯችን አሥራ አንድ ጫጩት ፈለፈለች። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ገብቶ የመንደሩን ዶሮ ጠራርጎ ወስዶት ነበር፤ ከኛ ቤት የተረፈችው ያቺው ቀይዋ ብቻ ናት። እነዚህ አሥራ አንዱ ካለቁ የግቢያችን የዶሮ ዘር አለቀ ማለት ነው። እናቴ ጭልፊቱንም እኔንም እኩል ነበር የምትጠረጥረን። ከመሀላቸው አንዷ ሚጢጢ ነበረች። ማሾ አልኳት፤ ወላሂ የማሾ ፍሬ ነበር የምታክለው።

አኮ ጧት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ቁርበቷን ጫጩቶቹ ፊት አንጥፋ ትቀመጣለች። አንገቷን ዘንበል ታረጋለች። የተከካ ማሽላ እበትንላቸዋለሁ፤ ጭው ጭው ይላሉ፤ እሷ ትሰማለች። አንድ ቀን እንዲሁ ቆየችና፣

«አንዱ አይናገርም» አለች።

«የትኛው አኮ?»

«እሱንማ አንቺ ዓይን ያለሽ ንገሪኝ።»

አየሁ። ማሾ ናት። ላባዋ ተነፍቶ፣ ክንፏ ወርዶ፣ ዓይኗን ጨፍና ብቻዋን ፀሐይ ላይ ቆማለች። ማሽላው አጠገቧ ነው፤ አትነካውም። አኮ የታመመን ከእናቱ ነጥላ እንደምታስቀምጥ ስለማውቅ «ሁሉም ደህና ናቸው፣ ወላሂ!» አልኳት። ስዋሽ አላህን መጥራቴ! አኮ እኔን ትታ ወደ ጫጩቶቹ ዞረች። እጇን ሰደደችና አንድ በአንድ እያነሳች መዘነቻቸው፤ ደረታቸውን ዳበሰች፣ ገልብጣ ኋላቸውን ነካች። ማሾ ጋ ስትደርስ ቆመች። ይቅርታ አርጉልኝና፣ ቂጧ በደረቀ ኩስ ተደፍኖ ነበር።

ለብ ባለ ውሃና በጨርቅ ቀስ እያረገች አጠበቻት፣ አደረቀቻት። ደረቅ ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት አርጋ ምድጃው አጠገብ ለብቻዋ አስቀመጠቻት። የሌሎቹን ጭድ አስወጥታ አስቃጠለችው፤ የውሃ መጠጫቸውንም በአመድ አሳሸችኝ። ከዚያ ሕግ አወጣች። መጀመሪያ ጤነኞቹን እናበላለን፤ የታመመችዋን መጨረሻ፣ ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት ማለት፣ ውዱ ልናደርግ ልንታጠብ ስንል። እሷን ከነካን በኋላ እጃችንን በአመድ አሽተን ታጥበን፣ ውዱ አድርገን እንሰግዳለን። እንዲህ ከሆነ መታጠብን የሚረሳ የለም አለች። ከሶላት ጋር ያሰረችውን ማን ይረሳል?

እኔ ግን ሆዴ አልቻለም። ቀይዋ ውጪ ሆና ስትጣራ፣ ማሾ ቅርጫቱ ውስጥ አፏን ትከፍታለች፤ ድምፅ አይወጣትም። ሰው ሳያየኝ ቀሚሴ ውስጥ ሸጉጬ ወሰድኩና እናቷ ክንፍ ሥር ከተትኳት። ቅርጫቱ ባዶ እንዳይሆን ደግሞ፣ ብልጥ ነኝ ብዬ፣ ከጤነኞቹ አንዱን አምጥቼ ተካሁበት።

አኮ በዙሁር መጣች። ቅርጫቱ ላይ ጎንበስ ብላ ትንሽ አዳመጠች። አልነካችውም እኮ!

«ይሄኛው ደህና ነው» አለች። «የኔዋን የት አረግሻት?»

ያኔ ጂን ነው የሚነግራት ብዬ ወደ በሩ አፈገፈግሁ።

«ፈንግል ቢሆንስ? ዛሬ ሁሉንም ብትጨርስብን?» ስትለኝ ነው የሠራሁት የገባኝ። እያለቀስኩ ማሾን ወደ ቅርጫቷ፣ ጤነኛውንም ወደ እናቱ መለስኩ። አልመታችኝም። «ኮቱ» ብላ ወደሷ ጠራችኝና ቁርበቱ ላይ አስቀመጠችኝ። «በይ፣ አሁን አብረሽኝ ትሰሚያለሽ።»

በማግስቱ እጄን ይዛ ጣቴን ወደ ጫጩቶቹ ቀሰረችው። «ያ ወደ ግራ ያለው ሊታመም ነው።» አየሁት፤ ይሮጣል፣ ይለቅማል። «አኮ፣ ዛሬስ ጆሮሽም ጠፋ!» ብዬ ሳቅሁባት። የከሰዓት በኋላው ዐስር ሶላት ሳይደርስ ክንፉ ወረደ። ሱብሓነላህ! ዓይን ያላየውን ጆሮ እንዴት ያያል? ከዚያ በኋላ ስኳሩንም ተውኩት፤ ለጥቂት ቀን።

«ምን በሽታ ነው?» አልኳት።

«ሕመሙን አላውቀውም የኔ ልጅ። እኔ የማውቀው ጤነኛውን ነው። ብርድ ሲይዘው እንዴት እንደሚጮህ፣ ሲጠግብ እንዴት እንደሚያወራ። ያንን ካወቅሽ የታመመው ራሱ ይነግርሻል።»

ማሾ ሞተች። ከግቢው ርቀን፣ ውሻ እንዳያወጣት አጥልቀን ቆፍረን፣ አመድ ነስንሰን ቀበርናት። እያለቀስኩ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ያ የግራው ሳምንት ሙሉ ተለይቶ ቆይቶ ዳነ። ሌሎቹም ተረፉ። ካደጉት ቄቦች አንዷን ለዚህ ጎረቤት፣ አንዷን ለዚያ ሰጠን፤ መንደሩ እንደገና በዶሮ ተሞላ።

ዛሬ ከልጅ ልጄ ከሐሊማ ጋር ከሚሴ ከተማ ነኝ። እሷም ጫጩት ታረባለች። የእንስሳት ሐኪም የሆነች አንዲት ወጣት እየመጣች ዓይናቸው ላይ አንዲት የክትባት ጠብታ ጠብ ታረጋለች፤ ያ መንደር የጨረሰ ፈንግል በዚያች ጠብታ ይገታል። አንዱ ሲሞት ሐሊማ አትቀብረውም፤ በፌስታል ጠቅልላ ሐኪሟ ዘንድ ትወስደዋለች፣ ሐኪሟም የበሽታውን ስም ነግራት ትልካታለች። አኮ ይሄን ብትሰማ አንገቷን ዘንበል አርጋ ስንት ሰዓት ትቆይ ነበር!

የኔ ዓይን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው። የሄደብኝ ጆሮዬ ነው። ጧት ጫጩቶቹ ፊት እቀመጣለሁ፤ አፋቸው ሲከፈት ሲዘጋ አያለሁ፣ ድምፅ የለም። ለኔ ሁሉም እንደ ማሾ የታመሙ ነው የሚመስለኝ። ስለዚህ እጮሃለሁ፤ «ሐሊማ! እያወሩ ነው?» ሐሊማ ከጓዳ ወጥታ ጆሮዋን በሁለት እጇ ትደፍናለች፣ «ኧረ አደነቆሩን!» ማለቷ ነው። የምትለው አይሰማኝም። ሳቋን ግን አያለሁ፤ ያኔ ደህና መሆናቸውን አውቃለሁ።